ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ቁልፍ

ትናንት ጠዋት... ጎህ ሲቀድ እናቴን ጭኜ ከማርቆስ ወጣሁ። ጳጉሜን ከገባ እሷን ቤት ማስቀመጥ የሚችል ሰው አልተወለደም። አስም አለባት፣ በየዓመቱ የምትጠመቅበት ጠበል ውሃ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለዓመታት ነግሬያታለሁ። አትሰማኝም።

መኪናዋን ከገዛኋት ገና ወሯ ነው። ቁልፍ ሰክተህ የምታዞርባት ዓይነት አይደለችም። ቁልፉ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ካለ እጀታውን ስትነካው በሩ ይከፈታል፣ ከሌለ ግን ብትለምናትም አትከፍትልህም። እናቴ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው አልተዋጠላትም። «ማንም ሳይከፍተው የሚከፈት በር ምን ደግ ነገር አለው» ትላለች።

ከአስፋልቱ በጭቃው መንገድ ብዙ ገብተን፣ ወደ ጠበሉ ቁልቁል የሚያስወርደው መንገድ ጫፍ ላይ አቆምኩ። ቦርሳዋን መቀመጫው ላይ ትታው ወረደች። ቦርሳው ውስጥ የአስም መድኃኒቷ፣ ያ በአፍ የሚሳበው ፓፍ አለ።

«ያዢው እንጂ እማ።»

«ጠበል ልጠመቅ እየሄድኩ መድኃኒት ልያዝ? እግዜር ምን ይለኛል... ይቀመጥ።»

ስልኬም ቻርጅ ላይ ነበር፣ ተውኩት። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ልከተው ስል እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ወዲህ በለው። አባ በመስቀል ይባርኩልኝ።»

መስቀል ምን ያደርገዋል ብዬ ሰጠኋት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችውና ቁልቁል ወረደች። እኔ ብርዱን ፈርቼ መኪናው ጋ ቀረሁ።

ብዙም አልቆየች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ከሩቅ የምትስቅ መስሎኝ ነበር... ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ስትቀርብ ነው የገባኝ። ትንፋሿ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ቁልፉን እማ... ቁልፉን።»

ነጠላዋን ዘረጋችልኝ። ቋጠሮው ውሃ ያንጠባጥባል። በጥርሴ ፈታሁት። ቁልፉን ሳነሳው ከሆዱ ውሃ ፈሰሰ።

«በመስቀል አላልሽኝም እማ?»

«ጠበሉ... ይበልጣል... ብዬ» አለች፣ በየቃሉ መሃል አየር እየፈለገች።

እጀታውን ነካሁት። ዝም። ቁልፉን አራገፍኩት፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ ነፋሁበት... ዝም። ቦርሳዋ በመስታወቱ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እጄን ብሰድ የምደርስበት ቦታ ላይ ነው። አስፋልቱ ሩቅ ነው፣ ስልኬ የተቆለፈው እዚያው ውስጥ ነው፣ ሐኪም ቤቱ ማርቆስ ነው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታለች። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

አሁን «ቁልፉ ሆድ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ እኮ» ልትሉኝ ነው። አውቃለሁ... ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው።

ድንጋይ አነሳሁ። እናቴ እግሬን ያዘችኝ።

«ተው... አዲስ... መኪና...»

ነፍሷ ልትወጣ ነው፣ እሷ ለመኪና ታዝናለች። ይሄኔ አጥማቂው አባ የጠበሉን ጆግ እንደያዙ ከኋላ ደረሱ። እሷን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ? መስታወት ይተካል። በለው።»

መታሁት፣ ድንጋዩ ነጠረ። ደገምኩት፣ መስታወቱ ረገፈ። ያን ጊዜ መኪናዋ ጮኸች።

እንዴት ያለ ጩኸት... ከጠበሉ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጠበል ቦታ እንዲህ የሚጮኸው ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አንዷ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። አንድ ሽማግሌ ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው «ማነህ? ተናገር» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ ለማንም ጆሮ አልነበረኝም። ቦርሳውን ጎትቼ አወጣሁና ፓፉን አፏ ውስጥ ከተትኩላት። ሳበች። ደግማ ሳበች። ዓይን ዓይኗን እያየሁ እኔም ሳላውቀው አብሬያት እተነፍሳለሁ... አባ በዚያ በኩል ጆጉ ውስጥ የቀረውን ጠበል በሞተሩ ክዳን ላይ ቸለሱት።

መኪናዋ ጸጥ አለች።

ማንቂያው ትንሽ ጮኾ በራሱ ጊዜ እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ግን እዚያ ለቆመው ሰው ማን ይንገረው? እልልታው ቀለጠ። በእልልታው መሃል የእናቴ ፉጨት እየቀነሰ፣ ከንፈሯም ቀስ በቀስ መልኩ እየተመለሰ መጣ። ትንፋሿን ስታገኝ መጀመሪያ ያለችኝ፣

«ለቀቃት?»

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። «ለቀቃት እማ» አልኳት።

ቁልፉ በሩን እንቢ ቢልም፣ ማስነሻው ላይ ለጥፌ ስጫነው ደግነቱ ሞተሩ ተነሳ። እሷን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በተሰበረው መስታወት ብርዱ እየገረፈኝ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። «የኔን ደዌ መኪናዋ ተቀበለችኝ፣ ጮኻ ለቀቃት» እያለች ታወራለች። ስለ ፓፉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አላረምኳት፣ በሕይወት ተቀምጣ ከማውራቷ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትወጣ ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር አየሁ። ቀረብ ብዬ ዳሰስኩት። ፓፉ ነው።

«እማ፣ ይሄንንም እንዳታጠምቂው» አልኳት።

«እሱንስ በመስቀል ብቻ» ብላኝ ሄደች።