ሦስት ጊዜ የለቀቅኩት ወገብ

በድሬዳዋ ከእኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ተፎካካሪዎቼም እየመረራቸው ይሉታል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ለልብስ ቅድ ከምቆርጣቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ነው። ሶማልኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሐረሪውን ከደንበኞቼ አፍ ለቀምኩት። ሜትር አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ለወግ ነው። አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ ሱቄ በር እስክትደርስ ትከሻዋንና ወገቧን በዓይኔ ለክቼ እጨርሳለሁ፤ በአንድ ጣት እንኳ ተሳስቼ አላውቅም።

በልጄም አልተሳሳትኩም። አይቻለሁ። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ማየቴ ነው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ኒካዋ ሊታሰር ስምንት ወር ሲቀረው ለዕለቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ከአረንጓዴ ሳቲን በገዛ እጄ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ስትለካው ልክክ አለላት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሳ መጣች።

"አባ፣ ወገቡ ጠበበኝ። ትንሽ ልቀቀው።"

"አቦ፣ ሙሽሪት ከወዲሁ ወፈረች!"

"አንተ ደግሞ! ወላሂ፣ ሁለት ጉርሻ ስበላ ሆዴ ጢም ይላል።"

"ታዲያ በምን ወፈርሽ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ልብስ ሰፊው አንተ!"

ሳቅን። ሁለት ጣት ለቀቅኩላት።

ወገቡን ለሁለተኛ ጊዜ ስለቅቅላት ትከሻዋ ላይ ጨርቅ ተርፎ ነበር። የሚወፍር ሰው ክንዱም ጀርባውም አብሮ እንደሚወፍር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የእሷ ክንድ ቀጥኗል፤ ያደገው ከእምብርቷ በታች ያለው ብቻ ነው፣ ያውም ወደ ቀኝ ያደላ። ትከሻውን አጠበብኩ፣ ወገቡን አሰፋሁ፣ ቀሚሱ አማረ። በሥራዬ ኮራሁ።

ቤት ውስጥ ምሳ ሳንጨርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። ስትቀመጥ የሆዷን ታች በመዳፏ ትይዛለች። "ጨጓራ ነው" አልኳት። ስለ ጤና የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ የሰፈሩ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እኔን ያማክራል። አብሽ አስጠጣኋት፤ ዝም ብላ ጠጣች። የሴት ነገር ለአባት አይወራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልትነግረኝ የምትችለው የቀሚሱን መጥበብ ብቻ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ የለቀቅኩትን ልትለካ ሱቅ የመጣች ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ መስታወቱ ፊት እንደቆመች ጮኸች። ቀኝ ጎኗን ይዛ ተንበረከከች። አስመለሳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ባጃጅ ውስጥ አቅፌያት ነጂውን "ወሪያ፣ ፍጠን!" እላለሁ፤ መንገዱ ሲያንገጫግጫትና ስታቃስት መልሼ "ቀስ በል!" እላለሁ። ነጂው ግራ ገባው።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ልጄን የምታክል ወጣት ናት። በአልትራሳውንድ እያየቻት ትጠይቃታለች፣ ልጄ በቀጭን ድምፅ ትመልሳለች። የወር አበባዋ ከተዛባ ስድስት ወሩ ነው። ሲመጣ ሕመሙ መሬት ያስይዛታል። የሆዷ ታች ሁልጊዜ ድንጋይ እንዳዘለ ይከብዳታል። ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ማዶ ቆሜ ሰማሁ።

"አባባ፣" አለችኝ ሐኪሟ ወጥታ፣ "እንቁላል በሚያፈራው አካሏ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አድጓል። ብዙ ሴቶች ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ በራሱ ይጠፋል። የእሷ ግን ገዝፎ ተጠምዝዟል፣ ደም አይደርሰውም። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ሆዷ ሲገፋ ቤት ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም?"

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ኪሴ ከተትኩ።

ልጄ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። የቀኙ ከነከረጢቱ ወጣ። ግራው ጤነኛ ነው፣ በእሱ መውለድ ትችላለች፣ ግን ክትትል ያስፈልገዋል ተባልን። ኒካው ተራዘመ። እኔ ቀሚሱን ፈታሁት። ሳቲን መርፌ የነካውን አይረሳም፤ ወደ ብርሃን ሳነሣው ጎኑ ላይ ሦስት ረድፍ ቀዳዳ ይታያል። ለካ ወራት ሙሉ የልጄን ሕመም በመርፌ ስመዘግብ ኖሬያለሁ።

አሁን ገበያ መሀል ክንዷ ቀጥኖ ሆዷ የገፋ ሴት ሳይ እግሬ ይቆማል። ደንበኛ "ወገቡን ልቀቅልኝ" ስትለኝ "ከመቼ ጀምሮ ነው የጠበበሽ?" እላለሁ። አንዷ "ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ፖሊስ?" ብላኝ ጨርቋን ይዛ ወጣች። ልጄ እጇን ከትሪው ቶሎ ካነሣች በዚህ በድሬ ሙቀት ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ።

ኦፕራሲዮን በሆነች በሦስተኛው ወር ለክትትል ሄድን። ውጭ አግዳሚው ላይ ጠበቅኳት። ወረቀት ይዛ ወጣች።

"ምን አለችሽ?"

"ግራው ደህና ነው አለች።"

አጠገቤ ተቀመጠች። መሬት መሬት እያየች፣ "አባ፣ ትናንት የወር አበባዬ መጣ። በጊዜው" አለችኝ።

እናቷ እንኳ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ፊቴ አላነሳችም። ጆሮዬ ጋለ። ያነበብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

"ያምሻል?"

"ትንሽ።"

"የቱ ጋ?"

እጇን ግራ ጎኗ ላይ አሳረፈች።

"ይህን ነግረሻታል?"

"አቦ ተወኝ፣ ይህ ምን ይነገራል! አሁን አይታኝ የለ እንዴ?"

ተነሥቼ የሐኪሟን በር አንኳኳሁ።