ከካርድ ክፍል የሰረዝኩት ጥያቄ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ሐሜቱን፣ ስካሩን፣ ጾም መግደፉን አንድ በአንድ ስዘረዝር፣ ይቺን ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ይዣት እመለሳለሁ። ለማላውቅህ ለአንተ ለምን እንደምነግርህ እንጃ። ምናልባት ፊትህን ስለማላየው ይሆናል። ብቻ አደራህን፣ መሃል ላይ "አይዞህ፣ ሰው አይደለህ እንዴ?" እንዳትለኝ።

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ስሙ ይቅርብህ። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት ሥራው እንዲፈጥን ነው። ሙያዬ ይኸው ነው፤ አንድ ሥራ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በሳጥንና በቀስት ወረቀት ላይ እስላለሁ፣ የት ላይ እንደሚጓተት አያለሁ፣ ያጓተተውን እቆርጣለሁ። የምንቆርጠውን "እሴት የማይጨምር" እንለዋለን። ወይ ቃል! ያኔ ስለው አፌን ሞልቼ ነበር።

በክሊኒኩ ወረፋው የሚቆመው ካርድ ክፍል ነው። እዚያ የምትሠራው ዘይነባ ናት፤ ሁላችንም "አዴ"፣ እናት እንደማለት፣ እንላታለን። በጽዳት ገብታ ሃያ ዓመት ስትሠራ ካርድ ክፍሉ እጇ ላይ የቀረ ሴትዮ ናት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ግን ድሬ አንቱታ መቼ ያውቃል፤ "አንቺ" እያልኩ ነው የማወራት። ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ አማርኛውን እያቀያየረች ታወርደዋለች። ማንበብ ላይ ግን የሰው ስም ካልሆነ ረጅም ጽሑፍ ይከብዳታል።

በሽተኛ ሲመጣ ስሙን ትጠይቃለች፣ የአባቱን፣ የአያቱን። ከዚያ "እናትህስ ማን ናት?" ትላለች። እናት ከተጠራች ደግሞ ወሬው ይከተላል፤ የሳቢያኗ ናት ወይስ የገንደ ቆሬዋ፣ እግሯን አሟት ነበር ተሻላት ወይ። እኔ ሰዓት ይዤ ጥግ ላይ ቆሜአለሁ። ለአንድ ሰው ስምንት ደቂቃ! ደሜ ፈላ።

"አዴ፣ የእናት ስም ምን ይሠራልሻል?" አልኳት።

"አቦ፣ ድሬ ውስጥ ስንት ፋጡማ አህመድ አለች? አባቱም አህመድ፣ አያቱም መሐመድ። የሚለያቸው እኮ እናት ናት" አለችኝ።

ሰምቻታለሁ። ይሄን ልብ በልልኝ። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። ሰማሁ፣ ገባኝም። ግን ለክሊኒኩ ባለቤት ሦስት ደቂቃ አደርገዋለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር፤ የእናት ስም ካለ ሦስት ደቂቃ አይሞከርም። ስለዚህ ሳጥኑን ሰረዝኩት። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። አዴንም "ከዛሬ ጀምሮ የእናት ስም አትጠይቂ" አልኳት። "የተማርከው አንተ ነህ፣ እሺ" ብላ ተወችው። ወረፋው ቀለጠ፤ ባለቤቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ አስጨበጨበልኝ።

ሁለት ወር አልሞላም። አንድ ጠዋት የሁለት ልጆች እናት የሆነች ፋጡማ ጉሮሮዋን አሟት መጣች። ካርድ ወጣላት፤ የወጣው የሌላዋ ፋጡማ ካርድ ነው። በራሷ ካርድ ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። በወጣው ላይ ምንም የለም። ነርሷ ካርዱን አምና ወጋቻት። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ከንፈሯ አብጦ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ አየር እየፈለገች ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ። ሐኪሙም ነርሶቹም ተረባረቡ።

አልተረፈችም።

በማግስቱ ባለቤቱ ጠራኝና "ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጣሪዎች ይመጣሉ፣ የካርድ ክፍሉን የአሠራር መመሪያ አቅርብ" አለኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሙቀት ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ቢሮ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና የሰረዝኩትን ሳጥን መልሼ አስገባሁት። "የእናት ስም ተጠይቆ ከካርዱ ጋር ይመሳከር" ብዬ ጻፍኩ። የድሮውን ቀን እንዳለ ተውኩት። አተምኩት፣ ማህተም አደረግኩበት። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ልዋሽህ? አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ቀስቱ ጠመም ብሎብኝ አስተካከልኩት። ሰው ሞቶ እኔ ቀስት አስተካክላለሁ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

አጣሪዎቹ ወረቀቱን አዴ ፊት ዘረጉት። "ይኸው ተጽፏል፤ ለምን አልጠየቅሽም?" አሏት። ወረቀቱን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

"አንተ ተይው ያልከኝ መስሎኝ..." ብላ ጀመረች።

"ወሬውን አሳጥሪ ነው ያልኩሽ አዴ፣ ጥያቄውን ተይ አላልኩም" አልኳት። በረጋ ድምፅ፣ እንደሚያዝን ሰው።

ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ ብትምል ምናልባት እሰበር ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ትንሽ ዳበሰችና "እንግዲያው እርጅና ነው፤ ረስቼዋለሁ" አለች። በዚያው ቀን ከሥራ ወጣች። በኋላ ሽማግሌ ገባ፤ የሟች ቤተሰብም "የአላህ ውሳኔ ነው" ብሎ ክሱን ተወው። እኔ ዓመት ሳይሞላ ደረጃዬ አደገ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ታይዋን በምንለው ገበያ ለልጄ ጫማ ስገዛ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ዞር ስል አዴ። ከስታለች፣ ምርኩዝ ይዛለች። ልሸሽ ፈለግኩ፣ ግን እጄን አልለቅ አለችኝ። ሳቢያን ሰፈር ልጇ ጋ እንደምትኖር ነገረችኝ። በየአርቡ የሟች ቤት ትሄዳለች። የልጆቹን ልብስ ታጥባለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች።

"ልጆቹ ይወዱኛል፣ ወላሂ" አለች፣ "እኔ ነኝ ዓይናቸውን ማየት ያቃተኝ። እናታቸውን የገደልኩ እኔ አይደለሁ?"

በልቧ ታውቀኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር ስድስት ዓመት የኖርኩት፤ እሱን ለምጄው ነበር። ለካ ወረቀቴን አምናዋለች! የእኔን በደል ተሸክማ በየአርቡ ስትመላለስ፣ ለካ እኔን ለአንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችኝም!

በዚህ አላበቃችም። "አንተንም ስፈልግህ ነበር። ያን ያህል ለፍተህ ያቃናኸውን ሥራ በእኔ ዝንጋታ አበላሸሁብህ። አፉ በለኝ ልጄ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ እምልልሃለሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አፉ ብያለሁ፣ አዴ" አልኳት።

ይቅር አልኳት! እኔ እሷን! "አላህ ልጅህን ያሳድግልህ" ብላ መረቀችኝና ቀለል ብሏት ሄደች።

ደንግጬ ነው ልልህ ነበር። የዚያን ቀንስ ደነገጥኩ እንበል፤ በማግስቱስ? ከዚያ ወዲህ አራት አርብ አልፏል። የልጇን ቤት አውቀዋለሁ፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አልሄድኩም። ይቅርታህን አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ዛሬም አርብ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ ለአንተ እጽፋለሁ፤ እሷ ሟች ቤት ጎንበስ ብላ የልጆቹን ልብስ እያጠበች ነው።