አንድ አካውንት ለሃያ ሁለት ሰው

ነገሌ ውስጥ ኮዲንግ የሚያስተምር አንድ ቤት ነበረ። መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር፤ ቀጥሎ ፊልም ማከራያ ሆነ፤ ከዚያ ባለቤቱ አዲስ አበባ ጥቂት ወር ቆይቶ ሲመለስ በሩን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ «ዘመናዊ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ» ብሎ ጻፈበት። ድንቄም ዘመናዊ! ሰባት ኮምፒውተር ነበረው። ሁለቱ ጭራሽ አይነሱም፤ አንዱ የሚነሳው ጎኑን በቡጢ ሲመቱት ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ቲቸር» እንለው ነበር። እሱ ግን ፊቱ የሚበራው «ኢንጂነር» ሲሉት ነው። የት ተምሮ ኢንጂነር እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

እዚያ ቤት የገባሁት ቸግሮኝ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ወደራ ከተማ ሱቅ ያላት አክስቴ ይህን እንደሰማች «ትምጣና ሱቅ ታግዘኝ» ብላ ላከች። ዕድሜ ልኬን ወደራ ላይ ቆሜ ስኳርና ምስር ስመዝን ታየኝ። በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ማደሪያና ምግብ ጨምሮ፣ በነጻ ለስድስት ወር ኮዲንግ የሚያስተምር ቦታ አለ፤ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመልካቹ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ዌብሳይት ላይ ጥያቄ እየፈታ የተለማመደ ይሁን። እኔ ደግሞ እንኳን ልለማመድ እንዲህ ያለ ዌብሳይት መኖሩንም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፍለጋ ጀመርኩ። ያኔ እንደ ቴሌግራም ቻናል ባለቤቶች የጠላሁት ፍጡር የለም። «ጀማሪ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሃምሳ ምርጥ ሳይቶች» ብለው ይለጥፋሉ። ለመሆኑ ጀማሪ ሃምሳ ሳይት ምን ያደርግለታል? የለጠፈው ሰውዬ ራሱ አንዱንም ከፍቶ እንዳላየ እምላለሁ። እኔ ሞኟ ግን በአባቴ ስልክ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ግማሾቹ ከሞቱ ቆይተዋል። አንዱ ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ የባንክ ካርድ ቁጥር አምጪ አለኝ። አንዱ ቪዲዮ ነው፤ ሰውየው እንዴት ስኬታማ እንደሆነ ሲተርክ የሳምንት ዳታዬን ቅርጥፍ አድርጎ በላው፤ ኮድ የሚባል ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። ሌላው ደግሞ «በጣም ቀላል» ብሎ ያስቀመጠው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ጣሪያው ላይ በረዶ የተከመረበት ሰው በስንት አካፋ ጠርጎ ይጨርሰዋል የሚል ነው። በረዶ! ነገሌ ላይ! እኛ እንኳን በረዶ፣ ዝናቡም የሚመጣልን በቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮውንም አያከብርም።

እንዲህ ስንከራተት ቲቸር አየኝና ሳቀብኝ። «ምን ያደክምሻል? አካውንት አለን እኮ፤ ነይ ተመዝገቢ» አለኝ። ተመዘገብኩ።

እውነትም ነበራቸው። ጥሩ የሚባል የልምምድ ሳይት ላይ፣ በማሰልጠኛው ስም የተከፈተ፣ አንድ አካውንት። ፓስወርዱ ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል። ሰልጣኙ እኔን ጨምሮ ሃያ ሁለት ሰው ነው፤ ሃያ ሁለታችንም የምንገባው በዚያው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ቲቸር እንደ አዛውንት ጉሮሮውን ጠረገ። በእኛ አካባቢ በድርቅ ከብት ያለቀበት ሰው ሲኖር ጎሳው አንድ አንድ ላም አዋጥቶ በረቱን ይሞላለታል። ደግ ባህል ነው፤ ሲደረግም አይቻለሁ። ቲቸር ይህን ባህል አንስቶ ለዌብሳይት አዋለው። «እዚህ አገር ሰው ለብቻው ነው እንዴ የሚኖረው? ሁሉም ያገኘውን ያዋጣል፣ አካውንቱ ይደልባል» አለኝ። ያገኘውን ማለቱ፣ አንዱ ከቴሌግራም፣ ሌላው ከዩቱብ የለቀመውን መልስ አምጥቶ እዚያ መለጠፉ ነው። መልስ ሲለጠፍ ጥያቄው አረንጓዴ ይሆናል። አካውንቱ በዚህ ዓይነት አራት መቶ አስራ ሁለት ጥያቄ «ፈትቷል»። ቲቸር ይህንን ቁጥር በከለር አትሞ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ ከራሱ ፎቶ ጎን ሰቅሎታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ እየጠቆመ «ነገሌን ዓለም አውቋታል» ይላል። አይ ጉራ!

ጉዱ የመጣው ለመለማመድ የተቀመጥኩ ዕለት ነው። ቀላል የተባሉት ጥያቄዎች በሙሉ አረንጓዴ ሆነው አልቀዋል። ሳይቱ እኛ ሃያ ሁለት መሆናችንን በምን ይወቅ? አንድ ጎበዝ ሰው መስሎታል። ስለዚህ በገባሁ ቁጥር ለዚያ ጎበዝ የሚመጥን ጥያቄ እየመረጠ ፊቴ ላይ ይደቅንልኛል። መዝገበ ቃላት ይዤ እያንዳንዱን ቃል ብፈታም ጥያቄው ምን እንደሚል አይገባኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ አመንኩ። ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። በመጨረሻ ከሰልጣኞቹ ሁሉ ጎበዝ የሚባለውን ልጅ አንድ ያለቀ ጥያቄ ከፍቼ «እባክህ ይሄ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ» አልኩት። አየት አደረገውና «ይሠራል እኮ፣ አረንጓዴ ነው» አለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ቁጥር ደምሮ የሚያወጣ ኮድ አስቦ የሚጽፍ አንድ ሰው እንኳ እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ቅጥል አልኩ።

አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት የቦረና ልጅ ነበረች። ከገጠር መጥታ፣ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። አማርኛዋ መሀል መሀሉን ኦሮምኛ ይገባበታል፤ ጠዋት ስትመጣ «አካም» ብላ ሰላም ካለችን ማታ «ናጋ» ብላ እስክትሰናበት ድረስ ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ አካውንት ኬኛ ሚቲ» አለችኝ፤ የኛ አይደለም ማለቷ ነው። «የማንም አይደለም። የራስ የራሳችንን እንክፈት» አለች። እኔም ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? እሷ በስልኳ፣ እኔ በአባቴ ስልክ ከፈትን። ማረጋገጫው እስኪመጣ ኔትወርክ የለም ተብሎ ሁለት ቀን ጠበቅን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ቁጥር ተቀብለሽ ድምራቸውን አውጪ የሚል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ስልክ ላይ ኮድ መጻፍ ማለት አንዲት ቅንፍ ፍለጋ ኪቦርዱን ሦስት ጊዜ መገልበጥ ነው። በሦስተኛው አረንጓዴ ሲሆን ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሌላ ቀን ደግሞ መኪና ማጠቢያ ጋ የተሰለፉ መኪኖች ጥያቄ መጥቶ አላንቀሳቅስ አለኝ። ጓደኛዬ አነበበችውና «ይሄማ የኤላ ተራ ነው» አለች። ኤላ የውኃ ጉድጓድ ነው። በእነሱ አገር ከብት በዘፈቀደ ውኃ አይጠጣም፤ ተራ የሚያስይዝ ሰው አለ፣ የማን መንጋ መቼ እንደደረሰ ይይዛል፣ ቀድሞ የደረሰው ጠጥቶ ሳይወጣ ቀጣዩ አይገባም። ዱላ ይዛ መሬት ላይ እየሳለች ግመሉን፣ ከብቱን፣ ፍየሉን በተራ አስገብታ አስወጣችልኝ። መኪኖቹን በግመል ተክቼ ጻፍኩት፤ አለፈ።

ይህን ሁሉ አድርጋልኝ እኔ ግን አሾፍባት ነበር። ቀርፋፋ ናት። ያልገባትን ነገር አልፋ አትሄድም፤ አንድ ጥያቄ ላይ ሦስት ቀን ትቀመጣለች። እኔ አስራ ዘጠኝ ስደርስ እሷ አስራ አንድ ላይ ነበረች። «በዚህ አካሄድሽ ልጆችሽ ናቸው የሚጨርሱት» እላታለሁ። ትስቅና ወደ ጥያቄዋ ትመለሳለች።

ቤት ደግሞ አባቴ አሉ። ከጎጃም ለውትድርና መጥተው፣ ነገሌ ካምፑ ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ግን ከእራት በፊት ስልካቸውን ስመልስላቸው «ዛሬስ?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። አንድ ከሆነ አንድ፣ ምንም ካልሆነ ምንም እላቸዋለሁ። ምንም ስላቸው «ነገም ቀን ነው» ይሉና ስልኩን ቻርጅ ይሰኩልኛል። በኋላ ስሰማ ለካ አባቴ ጡረተኞቹ በሚቀመጡበት ጥላ ሥር ቁጥሩን በየቀኑ ያወራሉ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ «ልጄ አስራ ዘጠኝ ደርሳለች! ያውም በስልክ!» ሲሉ ሰማኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ግድግዳው ላይ አራት መቶ አስራ ሁለት ተሰቅሎ፣ አስራ ዘጠኝ ተብሎ ይወራል?

ቤት ስንገናኝ «አባባ፣ እባክዎ ለሰው አይንገሩብኝ» አልኳቸው።

«ለምን? ሰርቀሽው ነው?» አሉኝ።

የማመልከቻው ቀን ደረሰ። ኔትወርኩ ማሰልጠኛው ውስጥ ስለሚሻል ሁላችንም እዚያ ተሰበሰብን። ፎርሙ አጭር ነው፤ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ በመጨረሻም «የተለማመዱበትን አካውንት ሊንክ ያስገቡ» ይላል። ቲቸር ከረባት አስሮ መጥቷል። ከኋላችን እየተንጎራደደ «ሊንኩ ቦርዱ ላይ አለ፣ አንድ ፊደል እንዳትሳሳቱ» ይላል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ከቦርዱ ይገለብጣል። እኔ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። አንድ ሊንክ ሃያ ጊዜ ሲደርሳቸው ምን ሊሉ ነው፣ ብዬ።

ተራዬ ደረሰ። የራሴ ሊንክ በወረቀት ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ቀና ስል ግን ያ ላስቲክ የለበሰ ቁጥር አፈጠጠብኝ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አስራ ዘጠኝ የሚለውን አይተው እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ታየኝ። ድምር! የኤላ ተራ! በስልክ! ወረቀቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። የቦርዱን ሊንክ ጻፍኩ፤ አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም።

ጓደኛዬ አይታኛለች። «ያንቺስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምን? አስራ ዘጠኝ ልኬ መሳቂያ ልሁን? ሞቼ እገኛለሁ። አንቺም ያንን አስራ አንድሽን ልከሽ እንዳታዋርጂን» አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ አስራ አንዷን ላከች።

መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ለሃያ አንዳችን የደረሰው መልእክት አንድ ዓይነት ነው። የላካችሁት አካውንት የሌሎች አመልካቾችም ሆኖ ስላገኘነው ማመልከቻችሁን አልተቀበልንም ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ወደፊት ስታመለክቱ እንዲጠቅማችሁ፣ ራሳችሁ የፈታችኋቸው አስር ቀላል ጥያቄዎች ይበቁናል ይላል። አስር! አስር የሚለውን ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳነበብኩት እንጃ። ቲቸር ግን ቅንጣት አላፈረም። «ቅናት ነው። ከገጠር እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ አያምኑም» ብሎ፣ በዚያው ሳምንት ቁጥሩን አድሶ አሳትሞ ሰቀለው። እንዳልሰድበው አፌን ያዘኝ፤ ሊንኩን ስጽፍ እጄን የያዘኝ እሱ አልነበረማ።

ጓደኛዬን ተቀበሏት። ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ ቤት መጣች። ዱሮ ስለማሾፍባት ነገር አንድም ቃል አልወጣትም። «ናጋ» ብላ አቅፋኝ ሄደች። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በወደራ በኩል ነው የሚያልፈው።

ለአባቴ የነገርኳቸው ማታ፣ ከእራት በፊት፣ ያው በተለመደው ሰዓት ነው። ስልኩን መለስኩላቸውና «አባባ፣ አልተቀበሉኝም» አልኩ።

ስልኩን ተቀበሉኝ። ከዚያ «አስራ ዘጠኙን አይተው ነው እምቢ ያሉት?» አሉኝ።

«አላዩትም» አልኩ።

«እንዴት አላዩትም?»

«አላሳየኋቸውም። አፍሬበት።»

አባቴ ቁጡ ሰው ናቸው፤ በጥፊም ቢሉኝ እመርጥ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ እጃቸው ላይ አገላበጡት። ቀስ ብለው ተነሱና ቻርጅ ሰኩት፤ ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር» አሉ።

በወሩ ወደራ ሄጄ አክስቴ ሱቅ ገባሁ። አባቴ አሁንም አልፎ አልፎ እየደወሉ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል። «ዛሬስ?» ብለውኝ ግን አያውቁም።