ቢራ የሞቀበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ከልጅ ልጆቼ አንዷ ዶሮ የጠበሰችበትን ዘይት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ልትደፋ ስትል፣ «ተይ!» ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እባብ ያየሁ መስሏቸው ሁሉም ተንጫጩ።

«ምነው እማማ፣ ዘይት እኮ ነው!»

ዘይት መሆኑ መች ጠፋኝ። ከዱርቤቴ እስከ ቡሬ፣ ከአዴት እስከ ገበዝ ማርያም የዞርኩት በዘይትና በስብ ምክንያት አይደል? ይህን ስላቸው ከበቡኝ። «እርስዎ እህል ነጋዴ አልነበሩም እንዴ? ይንገሩን እንጂ!» አሉ። እሺ፣ ልናገር። የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉን የለቀምኩት እዚያም እዚህም ነው። እንደማወራው እጽፈዋለሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ አውቶቡስ ለምሳ ከሚቆምበት መንገድ ዳር፣ አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበርና ሐሳቤ ሁለት ሦስት ወር ሠርቼ መሄድ ነበር። ከማጠቢያው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው የሲሚንቶ ክዳን አለ። ሥሩ ምን እንዳለ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ወጥ ሠሪዋ፣ «ጉድፍ ያለበት ቦታ ባለቤት አያጣም፤ ሙቅ ውሃ ስትደፉ በስመ አብ በሉ» ትለናለች። እኛም በስመ አብ እያልን እንደፋለን። ክዳኑን የሚከፍት ግን አልተገኘም።

ጉድጓዱ ሁዳዴን ሙሉ ዝም አለ። ሽሮና ምስር፣ ጠብ ጠብ የምትል የኑግ ዘይት፣ ከዚያ ሌላ ምን አለና! ፋሲካ ሲገባ ግን፣ እናንተ ልጆች፣ ቅቤው፣ የበጉ ላት፣ ዶሮው፣ ቅቅሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና ያ ጉድጓድ ዕረፍት አጣ። ፋሲካ በዋለ በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ውሃው በክዳኑ ጠርዝ ይተፋ ጀመር። በወጥ ቤቱ በር ወጣ፣ ግቢውን ዞረ፣ ቢጫ ስብ እያንሳፈፈ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሽታውን ተዉት!

ከጤና ቢሮ አንድ ቀጭን ወጣት መጣ። ጫማውን ከፍ ከፍ እያደረገ ግቢውን ካየ በኋላ ባለሆቴሏን በትሕትና ጠራት።

«እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜም ከፈሰሰ ወጥ ቤቱን አሽገዋለሁ።»

«እሑድ ሰርግ አለብኝ እኮ፣ ልጄ!»

«ሰርግ ስላለ ነው የማሽገው። ያን ሁሉ ሰው ሆዱን ላሳመው?»

ሰርጉ የእኛው ልጅ ሰርግ ነበር። ከእኔ ጎን ቆማ ሳህን ስታጥብ የከረመች የገበዝ ማርያም ገበሬ ልጅ ናት። የሚያገባት አስተማሪ ነው። አባቷ፣ «ቤት ንብረት የሌለው ሰው ምን ላይ ሊደግስ ነው?» ብሎ እምቢ ሲል ቆይቶ በሽማግሌ ብዛት እሺ ያለው፣ ባለሆቴሏ አዳራሹንና ወጥ ቤቱን ለሰርጉ ስለሰጠች ነበር። ዘመዶቿ ቅዳሜ ማለዳ ከደጋው ይነሣሉ። ወጥ ቤቱ ከታሸገ ያ ሁሉ ሰው ጦሙን ሊመለስ ነው። አባትየውም ልጁን ይዞ ይመለሳል፤ የሚጠብቀው ምክንያት ብቻ ነበርና።

ዓርብ ዕለት ቧንቧ ሠሪ ተጠራ። ክዳኑን በዲጅኖ ፈነቀለው። ወጥ ሠሪዋ አማትባ ወደ ኋላ ሸሸች። ሥሩ የሲሚንቶ ሣጥን ኖሯል፤ ጥልቀቱ እስከ ጭን፣ መካከሉ በግድግዳ የተከፈለ። ቧንቧ ሠሪው፣ «የስብ ሣጥን ይባላል። ስቡ ከላይ ይቀራል፣ ውሃው በግድግዳው ሥር ባለችው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ውጭ ይሄዳል። በየጊዜው መጠረግ ነበረበት» አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። በስመ አብ ብቻ!

ከዚያ አንድ በርሜል ውሃ አስፈላና ገለበጠበት። ስቡ እንደ ወጥ ሟሟ፣ ውሃው ጉርርር ብሎ ወረደ። እልል አልን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ ከፊተኛው ይብሳል! ሌላ በርሜል አፈላ። እንደገና ወረደ፣ እንደገና መጣ። ሲመሽ ሰውየው ላቡን እየጠረገ፣ «ነገ ሁለት በርሜል እናፈላለን» አለ።

እኔ ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ልጅ ሳለሁ ወተት ስንንጥ ቤቱ ከሞቀ ቅቤው አልሰበሰብ ይላል። ያን ጊዜ እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ታደርግበት ነበር። ቅቤ ሙቀት ሲያይ ይሸሻል፣ ብርድ ሲያይ ይሰበሰባል። ይህ ሰው ስቡን አቅልጦ ወደ ቧንቧው እየነዳው ነው፤ እዚያ ደርሶ ሲቀዘቅዝ ይረጋበታል!

«እትዬ፣ አታፍሉት፤ አብርዱት» አልኳት ባለሆቴሏን።

ቧንቧ ሠሪው ሳቀ። «ምነው፣ ትኩሳት ይዞታል እንዴ?»

«አንተ ዝም በል፣ ያንተን አየነው» አለችው እሷ። ወደ እኔ ዞረች። «በምን ይበርዳል?»

«በቢራው ፍሪጅ በረዶ።»

«እና ቢራዬን ሙቅ ልሽጥ?»

«ወጥ ቤቱ ከታሸገማ ለማን ሊሸጡት ነው?»

የፍሪጁን ቁልፍ ከወገቧ ፈታ ወረወረችልኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱንም የቢራ ፍሪጆች አራገፍናቸው። ቢራው ወለል ላይ ተደረደረ። በረዶውን በመዶሻ እየሰበርን ሣጥኑ ውስጥ ጨመርን፣ ጆንያ አለበስነው፣ ጠበቅን። ሙሽራዋ ሹልክ ብላ አጠገቤ መጣች። እጆቿ እንሶስላ ተለጥፎባቸው በቅጠል ታስረዋል፤ ምንም መንካት አትችልም። እጇ ስለታሰረ አፏ ተፈታ!

«እትዬ፣ ረጋ? ይንኩት እስቲ! አንች፣ ያንን ጆንያ ግለጭላቸው! ወይኔ አባቴ መንገድ ጀምሯል እኮ!»

«ሙሽራ እንዲህ አትለፈልፍም፤ ሂጅ ተሸፈኝ» አለቻት ወጥ ሠሪዋ።

«የሚታሸገው የኔ ሰርግ ነው እንጅ የርስዎ ነው?»

ጆንያውን ስገልጠው፣ ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ቢጫ ፈሳሽ ነጭ ድንጋይ መስሏል። በጣቴ መታሁት፤ ድም አለ! በዳቦ ቢላዋ እንደ ድፎ ቆረስኩት፤ ቁራሹ ሳይፈርስ፣ ሳይንጠባጠብ ወጣ። ሴቶቹ በትሪ እየተቀባበሉ በግቢው በር አውጥተው ከመንገዱ ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀብሩታል። ስንት ትሪ እንደወጣ ቆጥሬም አልጨረስኩ። ቧንቧ ሠሪው መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ያይ ነበር፤ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ትሪ ያዘ።

ስቡ ወጣ። ሥሩ ያለውን ውሃ በጣሳ ቀዳነው። ቀዳዳዋ ጋ ስንደርስ ግን ዝግ ናት! ትናንት ፍል ውሃው የሾለከባት ስንጥቅ እንኳ በረጋ ስብ ተደፍናለች። እጄን ሰድጄ ብዳብሳት ከሲሚንቶ የጠነከረ ነገር ሞልቶባታል። ቧጨርኩና ጥፍሬ ውስጥ የገባውን አየሁት። አመድ። ድስቱን ሁሉ የምንፈትገው በአመድ ነበር። አመዱ ከስቡ ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። ለካ መንገዳችንን የዘጋነው ራሳችን ነን፤ ድስት በፈተግን ቁጥር።

«ስድስት ሰዓት ሞላ» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

ሁሉም ቀጥ አለ። ሙሽራዋ የታሰሩ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔን ታያለች። እኔም ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ። «ዘነዘናውን አቀብሉኝ!» አልኩ። የበርበሬ መውቀጫችን ብረት መጣልኝ። ወገቤን አጥፌ መታሁ፤ ፍንክች የለም። መታሁ። ቧንቧ ሠሪው በሆዱ ተኝቶ ፋኖስ ያበራልኛል። «ወደ ግራ፣ እትዬ፣ ወደ ግራ! እሰይ!» ይላል። የት ሄደ ያ ሁሉ ቀልዱ! ሲደክመኝ ወጥ ሠሪዋ፣ ያች ሸሽታ የነበረችው፣ «አንች ውጭ፣ እኔ ልምታው» ብላ በስመ አብ እያለች ገባች። እየተፈራረቅን ወቀጥነው። ሰባት ሰዓት አለፈ። በየደቂቃው በሩን እናያለን። የጤናው ልጅ የለም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ዘነዘናው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ፤ ወዲያ ማዶ ዘለቀ! አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ከማጠቢያው ለቀቁ። ውሃው መጣ፣ ሣጥኑን ሞላ፣ ቆመ፤ ከዚያ ጉርርር ብሎ በቀዳዳዋ አለፈ። ሁለተኛ ባልዲ፣ ሦስተኛ። አለፈ! እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሙሽራዋ እንሶስላዋን ረስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ማጅራቴ ቀይ ሆኖ ሳምንት ቆየ።

እልልታው ሳይበርድ የጤናው ልጅ ከች አለ። «መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው የዘገየሁት» አለ። ሣጥኑን አየ፣ ውሃ አስለቀቀ፣ ደረቁን ግቢ ረገጠ። «በየሳምንቱ ይጠረግ፣ ድስትም በአመድ አይፈተግ» ብሎ ሄደ። እሑድ አባትየው ሁለት ጊዜ ቅቅል አስጨምሮ በላ፤ ቢራው ሙቅ ነው ብሎ ግን ሲያማርር ዋለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ከሆቴል ሆቴል ሄደ። «ያችን ስብ በበረዶ የምታወጣውን ሴት ጥሩልን» እየተባለ አገር ለአገር ዞርኩ፤ እግሬም የሚወደው ሥራ አገኘ።

ብዙ ዓመት አልፎ ቡሬ ላይ አንድ ምግብ ቤት ሣጥን ልከፍት ሄድኩ። ባለቤቲቱ ትኩር ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም፣ ከሆቴላችን ፊት ለፊት፣ ሻይ ቤት የነበራት ናት። ያንን ቅዳሜ አንሥተን ስንስቅ፣ «መኪናው ባይበላሽበት ኖሮ ታሽገን ነበር» አልኳት።

«የምን መኪና?» አለችኝ። «ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እኔ ቤት ነበር እኮ። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ትሪ ስታመላልሱ እያየ ሰባት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። እልልታችሁን ሲሰማ ነው የተነሣው።»