ወንድሜን ቤቱ ማድረስ

ልጅ እያለሁ፣ ወንድሜን ታሪኩን በየማታው በሰላም ቤቱ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ደቡብ አፍሪካ፣ እኔ ሐዋሳ መናኸሪያ ሰፈር፤ ዕድሜዬ ደግሞ አሥር። ባለፈው ሰሞን የእማዬን ሱቅ ስናጸዳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ካርቶን ውስጥ ገመዱ የተጠቀለለ ጆይስቲክ ወጣ። አንዱ ቁልፍ ላልቶ ይንቀጫቀጫል። ያዝ ሳደርገው አውራ ጣቴ መንገዱን ከእኔ ቀድሞ አስታወሰው። ሥራውን ትቼ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ታሪኩ በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ ለሰርግ ከመጣ የሆሳዕና ሰው ጋር ሻንጣ ላከልን። ለእማዬ ጫማ፣ ለእኔ ሹራብ፣ ከሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ አሮጌ ፕሌይስቴሽን፤ በውስጡ አንዲት ሲዲ። ክዳኑ ተጫጭሯል፤ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታው ግን ለእኔ የውጭ አገር ሽታ ነበር። እማዬ ምን እንደሆነ ብታውቅ በማግስቱ ትሸጠው ነበር። በእሷ ቤት ፕሌይስቴሽን ማለት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው፣ መጋረጃ የተጣለበት፣ ተማሪ ከነቦርሳው ገብቶ ሲመሽ የሚወጣበት የጥፋት ቤት ነው። ደግነቱ ስሙን እንጂ መልኩን አታውቀውም።

ገመዱን ከቴሌቪዥናችን ጋር ያገናኘልኝ አብዲ ነው፤ የጎረቤታችን የስልጤው ነጋዴ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ። ስክሪኑ በራና ከተማ ወጣ። ሰፊ አስፋልት፣ ዘንባባ፣ ፎቅ፣ በመንገዱ ዳር ባሕር፣ መሀል ላይ አንዲት ቢጫ መኪና። እሽቅድምድም ነው፤ ግን እሽቅድምድሙን ትታችሁ ወደ ፈለጋችሁት ሰፈር መንዳት ትችላላችሁ፤ ከተማው ሁሉ የእናንተ ነው። አፋችንን ከፍተን ስናይ እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ቆማ አየች፣ አየችና፣ «ይሄ የታሪኩ አገር ነው?» አለች።

ጌም ነው ካልኩ አለቀልኝ። «አዎ» አልኩ።

«መኪናውስ?»

«የሱ ነው።»

«ቀጥታ ነው?»

ቀጥታ ስርጭት ለሰፈራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ማዶ ባለው ቪዲዮ ቤት ባሕር ማዶ የሚመታ ኳስ በዚያው ደቂቃ መናኸሪያን ያስጮኸው ነበር። «ቀጥታ ነው» አልኩ። እማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጆይስቲኩን ሪሞት ነው ብላ አለፈችው። መኪናውን የሚነዳው ታሪኩ ነው፤ እኛ እያየነው ነው። አብዲ ሊናገር አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌሙ ተፈቀደልኝ፤ መከራዬም ተጀመረ። ትንሽ ፈጠን ካልኩ እማዬ፣ «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ቀስ አይልም?» ትላለች። ለሩጫ በተሠራ ጌም ውስጥ እኔ ቀይ መብራት ላይ እቆማለሁ። ቀኜን ይዤ፣ የቆመ መኪና በሩቁ ዞሬ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የምነዳው። ባሕሩ ዳር ስንደርስ እማዬ ትንሽ ዘና ትላለች። «ሐይቃችንን ይመስላል፤ አሞራ ብቻ ነው የጎደለው» ትል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ራት ሲደርስ መኪናዋን ዳገት ላይ ካለ ነጭ ቤት ደጃፍ አቆምኳት። በረንዳ ያለው፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት ነው። እዚያ የቆምኩት እንዲያው እጄ ስለደከመ ነበር።

«ቤቱ ነው?» አለች።

«ነው።»

«ገባ። ጌታዬ ተመስገን» ብላ ተነሳች። በር ላይ ደርሳ ግን ዞረች። «ከመኪናው አይወርድም እንዴ?»

«በውስጥ በኩል ነው የሚገባው» አልኳት። ሰው ሲዋሽ እንዴት ፈጣን ይሆናል!

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ እማዬ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፣ ታሪኩን ከከተማው ማዶ አንስቼ ቤቱ አደርሰዋለሁ፣ ራት ይቀርባል። የመብራት ፈረቃ የነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ማታ ነጩ ቤት ሳንደርስ መብራት ጠፋ። «መንገድ ላይ እኮ ነው» ብላ ራት አልበላም አለች። ሽሮው ቀዝቅዞ፣ በሻማ ተፋጠን ተቀመጥን። መብራቱ ሲመጣ እየሮጥኩ ከፍቼ ቤቱ አስገባሁትና ወጡ እንደገና ተሞቀ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ ትልልቆቹ። የእኔ ግን እያደር ይከብደኝ ነበር።

ከዚያ ታሪኩ መደወል አቆመ። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ነበር የሚደውለው፤ ሦስት እሁድ በተከታታይ ስልኩ ዝም አለ። ቸርች ደጅ ላይ ሴቶቹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ስለተዘረፈባቸው ልጆች ሲያወሩ እማዬ ስትቀርብ ወሬ ይቀይራሉ። ማታ ማታ ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ትጠጋ ጀመር። ደህና መሆኑን የምታውቀው በእኔ አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ እኔም ይህን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው እውነቱን መናገር ያቃተኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ አብዲ መጣ። እማዬ ሱቅ ናት ብዬ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ልጁ በዚያች ቢጫ መኪና ያላደረገው የለም። አጥር ጣሰ፣ መብራት ጣሰ፣ ፖሊሶች በሳይረን ተከተሉት፣ እኛ በደስታ እንጮሃለን። በመጨረሻ ድልድይ ላይ ከፊትም ከኋላም ከበቡት፤ መኪናዋ ተጨረማምታ ጭስ በጭስ ሆነች። ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ያዙት» አለች። የያዘችው ዘንቢል ወደቀ፤ ሎሚው ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

አብዲ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ እውነት አይደለም፣ እርስዎ ዝም ብለው...» ሲል አልሰማችውም። መሬት ተቀምጣ መጸለይ ጀምራለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል አደርኩ።

በማግስቱ እሁድ ስልኩ ጮኸ። ታሪኩ ነው። የቀድሞ ስልኩ ተሰርቆበት ቁጥራችንን ያገኘው በስንት ልፋት ነው። እማዬ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ፖሊስ ለቀቀህ?» አለችው። እሱ የምን ፖሊስ ሲል፣ «አትደብቀኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በል ነጩ ቤትህ ግባና አርፈህ ተቀመጥ» ብላው፣ እንባዋን እየጠረገች ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ጓሮ ወጥቼ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ነጭ ነው። በረንዳ አለው። ባሕሩን ያያል።»

«እንግዲያው እንዳትነግሪያት። እኔ የማድረው ሱቁ ውስጥ ነው ምህረትዬ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያ መሀል። እሷ ቤት አለው ብላ ትተኛ።»

ያን ማታ ቴሌቪዥኑን ስከፍት መኪናዋ አዲስ ሆና ነጩ ቤት ደጃፍ ቆማለች፤ ጌም አይደል። «ይኸው፣ ገብቷል» አልኳት። እማዬ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ተመስገን» ብላ ራት ልታቀርብ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ስለ አነዳዱ ተናግራ አታውቅም፤ ግን አንድ ማታ እንኳ አልቀረችም።

ታሪኩ ከስድስት ዓመት በኋላ ጠቅልሎ መጣ፤ ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ግን በሙሉ ጤናው። እኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ፤ ፕሌይስቴሽኑም እሱ ከመጣ ወዲህ ጨርቅ ለብሷል። በመጣ በሦስተኛው ቀን እማዬ፣ «እስቲ ቤትህን አሳየኝ» አለችው። ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ወንድሜ ሲነዳ አይጣል ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። እማዬ ከኋላው ሆና ትመራዋለች። «መብራቱን እለፍ፤ በቀኝ፤ ዘንባባዎቹ ጋ ስትደርስ ወደ ላይ።» መንገዱን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ዳገቱን ወጥቶ ነጩ ቤት ደጃፍ ሲቆም ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ እኔ እዚህ ቤት ኖሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ፖሊስ በያዘህ ማግስት መኪናህ አንድ ጭረት ሳይኖራት ቆማ ሳያት ገባኝ። ደግሞ ያን ሁሉ ወር አንድ ልብስ ያልተሰጣበት ቤት ሰው ይኖርበታል?»

«ታዲያ ለምን በየማታው ትመጪ ነበር?» አልኳት።

«ስጸልይ ዓይኔ የሚያርፍበት በር ፈልጌ ነዋ። ደግሞ አንቺ እሱን ቀስ ብለሽ ስትነጂው ማየት ደስ ይለኝ ነበር።»

ዛሬ የታሪኩ ትንሿ ልጅ በእናቷ ስልክ ከእኛ በመቶ እጥፍ ያማረ ከተማ ውስጥ ትነዳለች። ውጭ ያለ ዘመድም ሲደውል ከነፊቱ፣ ከነክፍሉ ይታያል፤ ማንም ልጅ ለእናቱ የሚያሳየው ቤት መፈለግ የለበትም። እሰየው ነው፤ እንደኛ በሻማ ራት መጠበቅ ቀርቷል። እኔም እውነተኛ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ እሁድ እሁድ እማዬን በአሮጌ መኪናዬ ታሪኩ ቤት አደርሳለሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ከኋላዬ ያሉ ባጃጆች ክላክስ ያደርጉብኛል፤ እማዬ ዞራ ትገላምጣቸዋለች።

የታሪኩ ቤት የኪራይ ነው፤ ወደ ቡሹሎ መውጫ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው። በረንዳ የለውም፣ ሐይቁም አይታይም። እማዬ ግን ከመኪናው ሳትወርድ በፊት ሁልጊዜ በአጥሩ ላይ አሻግራ ታያለች። ባለፈው እሁድም አየች፤ የልጆች ካልሲ፣ አንሶላ፣ የታሪኩ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ተሰጥተዋል።

«ልብስ ተሰጥቷል» አለች። «ቤቱ ነው።»