የድሮ ፍርዴን ይዤ ወደ ጋምቤላ

ማክሰኞ ንጋት፣ መናኸሪያ

አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቦርሳዬን ታቅፌ ቆሜ ሳለሁ ለአዘጋጄ በሆዴ ያላልኩት ነገር የለም። እሱ «የድሮ ፍርዶች» የሚል ልዩ እትም ሊያወጣ ነው። ድሮ በፊልም ላይ ሂስ የጻፍን ሰዎች ፊልሙን እንደገና እንድናይ፣ ከዚያም ፍርዳችን ይጽና ወይም ይሻር በአጭሩ እንድንጽፍ አዞናል። ለእኔ የደረሰኝ «ማዶ አላደርስም» ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ጋምቤላ ውስጥ የተቀረጸ ፊልም።

ታሪኩ አጭር ነው። በባሮ ወንዝ ሰው የሚያሻግር ባለታንኳ አንድን ነጋዴ አላሻግርም ይላል። ነጋዴው ይለምናል፣ ይሳደባል፣ በመጨረሻ ታንኳውን ሰርቆ ሲሻገር ይሰጥማል። ያኔ የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ባለታንኳው ለምን እንቢ እንዳለ እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። ዳይሬክተሩ ተዋንያኑን ማናገር ረስቶ ወንዝ ሲቀርጽ ውሏል።» ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጠሁት። ፊልሙ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይታይ ከሲኒማ ቤት ወረደ።

በጊዜው ፊልሙን ያወደሰ አንድ ሐያሲ ብቻ ነበር፤ «ዝምታን እንደ ቋንቋ የተጠቀመ ሥራ» ብሎ ጻፈ። ሳቅንበት። አሁን ግን ከፊልሙ መጨረሻ የተቆረጠች ሁለት ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ወጥታ፣ ዋሽንት ተለጥፎባት፣ ወጣቱ ሁሉ «የዝምታ ቅኔ» እያለ ያለቅስላታል። ያ ሐያሲ ነቢይ ሆነ፣ እኔ ደንቆሮ። ሁለት ደቂቃ ያየ ሰው ሙሉ ፊልም ያየውን ሲሰድብ ደሜ ይፈላል። ዳይሬክተሩ አገር ለቆ ሄዷል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅጂ የለም። አንድ ቅጂ ጋምቤላ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰው ዘንድ እንዳለ ሰማሁ። ሄጄ አይቼ፣ «ፍርዴ ይጸናል» ብዬ ጽፌ፣ የሁሉንም አፍ ልዘጋ ተነሳሁ።

በደሌ፣ ጎሬ፣ ቁልቁለቱ

አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ በተሰቀለች ቴሌቪዥን አንድ የአማርኛ ኮሜዲ ተከፈተ። ከጎኔ የተቀመጡት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መቱ የሚሄዱ ወይዘሮ ፊልሙን ከዚህ ቀደም አይተውታል። እያንዳንዱን ነገር ሳይመጣ ነገሩኝ፤ «አሁን ይወድቃል»፣ «አሁን ሚስቱ ትመጣለች»። ጅማ ላይ ምሳ ስንበላም አልተዉኝም። «አንተ ለምን አትስቅም?» አሉኝ። ሥራዬ ፊልም መተቸት እንደሆነ ስነግራቸው አዘኑልኝ። «ውይ፣ እንግዲያ ደስ ብሎህ አታይማ» አሉ። ተናድጄ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሌሊቱን በደሌ አደርን። አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ከግድግዳው ባሻገር ያለው ጭፈራ ግን እስኪነጋ አልቆመም። በማግስቱ መቱን፣ ከዚያ ጎሬን አልፈን በጫካው መሐል ስንጓዝ ብርድ ነበር። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ቀጥሎ ሹራብ። ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ጋምቤላ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ ከአውቶቡሱ በር ላይ ገፍቶ ሊመልሰኝ ምንም አልቀረው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ጋምቤላ ከተማ

ባጃጁ ድልድዩን ሲያልፍ ባሮን አየሁት። ሰው ይታጠባል፣ ልብስ ያጥባል፣ አንዱ ሞተር ሳይክሉን ውሃው ዳር አቁሞ ይፈትጋል። በፊልሙ ውስጥ ያሰለቸኝ ወንዝ ይኸው ነው ብዬ አለፍኩ። የያዝኩት ክፍል ማራገቢያ አለው፤ መብራት ግን የለም። የእንግዳ ማረፊያዋ ልጅ «ይመጣል» አለችኝ። መቼ ስላት «ሲመጣ» አለች።

ቅጂው አላቸው የተባሉትን ጋሽ ይመርን አላጣኋቸውም። ከወሎ በሰፈራ ዘመን በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ናቸው። ወንድሞቻቸው ዛሬም እዚያው ያርሳሉ፣ እሳቸው ከተማ ገብተው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ቪዲዮ ቤቱ አሁን የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ አንድ ጥግ ላይ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ይጭናሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ፊልሙ አለ። በፍላሽ ገልብጬዋለሁ፣ ወላሂ እንደ ልጄ ነው የያዝኩት» አሉኝ። «ግን ያለ ኡጁሉ ምን ታያለህ?»

«ኡጁሉ ማነው?»

«ተርጓሚዬ ነዋ።»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። በእሳቸው ቪዲዮ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም ነበር። ኡጁሉ የሚባል የአኝዋክ ወጣት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቀመጣል። አማርኛውንም ሕንድኛውንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አኝዋክኛ ይመልሳል፤ የሴቱን በሴት፣ የሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ። ሰው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ኡጁሉንም ሊሰማ ነበር የሚከፍለው።

«‹ማዶ አላደርስም› ላይ ግን ሥራው ተገላበጠ» አሉ ጋሽ ይመር። «ባለታንኳውና ሚስቱ የሚያወሩት በአኝዋክኛ አይደል? ዳይሬክተሩ ከሥር ጽሑፍ የሚያስገባበት አቅም አጣ። ‹ግድ የለም፣ እንደ እናንተ ቪዲዮ ቤት ኡጁሉ ይተርጉምልኝ› ብሎ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ።»

ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። በፊልሙ ምረቃ ምሽት ማይክ የያዘው ሰው ትዝ አለኝ።

ሐሙስ፣ በአቦቦ ወደ ጎግ

ኡጁሉ አሁን ጎግ ወረዳ ነው የሚኖረው፣ በግብርና ባለሙያነት ይሠራል። ከጋሽ ይመር ጋር በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ከእግሬ ሥር የዘይት ጀሪካንና ሁለት ዶሮ ነበር። አቦቦ ላይ የጋሽ ይመር ወንድም መንገድ ድረስ ወጥቶ በፌስታል የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት አቀበለን። ከአቦቦ በኋላ መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ጋሽ ይመር ያወራሉ፣ እኔ አልሰማም። ያን የምረቃ ምሽት እያሰብኩ ነበር።

ምረቃው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ጀመረ። ለጋዜጠኞች በተለየው ረድፍ ተቀምጠን እናጉረመርም ነበር። ፊልሙ እንደተጀመረ ከስክሪኑ አጠገብ አንድ ቀጭን ሰው ማይክ ይዞ መናገር ጀመረ። ከኋላ ፉጨት ተነሳ። ያኔ ከፊት ረድፍ አንድ ባለ መነጽር ሰው ተነስቶ ጥበቃ ጠራ፣ ሰውየውንም አስወጡት። ሂሴ ላይም ስለ ሰውየው አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ደግነቱ፣ ከስክሪኑ አጠገብ የሚለፈልፈው ሰው በጊዜ ተሸኘ።»

ያ ባለ መነጽር ሰው እኔ ነኝ።

ኡጁሉ ከቤቱ ደጃፍ ተቀበለን። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ባለቤቱ አሪየት ግቢውን ጠርጋ እንደ ጠረጴዛ አለስልሳዋለች። አሳና የበቆሎ ገንፎ ቀረበልን። ጋሽ ይመር «ጋዜጠኛ ነው፣ ስለ ፊልማችን ሊጽፍ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ኡጁሉ እስክንበላ ድረስ ምንም አልጠየቀኝም።

«አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት» አለ በኋላ። «ለፊልሙ። አባቴም እናቴም ስማቸው መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ ባለታንኳውና ሚስቱ እነሱ ናቸው። እኔ የእነሱን ቃል ልናገር ቆምኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። አንዱ ባለ መነጽር ሰውዬ ተነሳ፣ ‹ይህን አስወጡልን› አለ።»

«ተናደድክ?» አልኩት።

«ስላስወጡኝ አይደለም። እኛ ጋም ተርጓሚ ካላማረ ሰው ይጮኻል፣ ‹ውጣ› ይላል። ማግስቱን ጋዜጣ አነበቡልኝ። አንዱ ‹አይናገሩም፣ መጥፎ ነው› አለ። አንዱ ‹አይናገሩም፣ ጥሩ ነው› አለ። እናቴ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግራለች።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ያን ቀን ነበርክ?»

«አልነበርኩም» አልኩት።

እንዲህ ነው የወጣኝ። አላሰብኩበትም፣ አፌም አልተደናቀፈም።

ፊልሙን እዚያው፣ በሩን ገርበብ አድርገን በላፕቶፔ አየነው። ኡጁሉ እንደ ጥንቱ ከስክሪኑ ጎን ቁጭ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና ጀመረ። ነጋዴው በአማርኛ «አሻግረኝ» ሲል አይተረጉምም። ባለታንኳው ሲመልስ የአባቱን ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ ሚስቲቱ ስትናገር የእናቱን። አሪየት አንዳንዴ «እንደዚያ አላሉም» እያለች ታርመዋለች፣ እሱም መልሶ ይላል። እኔ «ያጉረመርማሉ» ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ ሚስቲቱ እንዲህ ትላለች፦

«ታንኳው ተሰንጥቋል። ለምን አትነግረውም?»

«ታንኳዬ ተሰንጥቋል ካልኩ ነገ ማን ይሳፈራል? እንቢ ማለት ይቀለኛል።»

«ክፉ ይልሃል።»

«ይበለኝ። ክፉ ቢለኝ አይሞትም።»

በቃ። ምክንያቱ ይኸው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ» እያልኩ የኮራሁበት ምክንያት ገና በሃያኛው ደቂቃ በግልጽ ተነግሮ አልቆ ነበር። ይህን ሊነግረን አዲስ አበባ ድረስ የመጣ አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም በጥበቃ አስወጣሁት። ያቺ ኢንተርኔት ላይ ዋሽንት የተለጠፈባት ቅንጫቢም ዝምታ የላትም። ነጋዴው ከሰጠመ በኋላ ባለታንኳው ወንዙ ዳር ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራል፤ ለሟቹ ነው የሚያወራው። «አንድ ቃል ብናገር ነበር። አፍሬ ነው» ይላል። ልጆቹ የወደዱት ድምፁ የጠፋበትን ነው፤ እኔ የጠላሁት ድምፁ እያለ ያልሰማሁትን። ከእነሱ በምን እሻላለሁ?

ፊልሙ ሲያልቅ አሪየት ዓይኗን ጠረገች። የኡጁሉ ወላጆች ሁለቱም አርፈዋል። ኡጁሉ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘግቶ «አሁን ምን ትጽፋለህ?» አለኝ። «ጥሩ ነገር» አልኩት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጋሽ ይመር ተቀምጠዋል፣ ሚኒባሱ አልመጣም፣ ጊዜ ነበረኝ። ኡጁሉ ማንጎ በከረጢት ሞልቶ ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። በመልሱ መንገድ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

እሑድ፣ ቤት

ሁለት ቀን ተጉዤ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። አዘጋጁ ወዲያው ደወለ። «ሻርከው? አራት ኮከብ እንስጠው? ‹ሐያሲው ይቅርታ ጠየቀ› ብንለው ይሸጣል» አለኝ። የተርጓሚውን ነገር ነገርኩት። ያን ምሽት እሱም በዚያ ረድፍ ነበር። «እሱን ተወው፣ ነገር ያበላሻል» አለ። ጮኽኩበት። ኮከብም ይቅርታም አልሰጥህም፣ የሆነውን ከነስሜ ካላወጣህ ጽሑፍም አልሰጥህም አልኩት። አላወጣም አለ፤ እዚህ የምታነቡት እሱ እንቢ ያለውን ነው።

ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ትምህርት ካለ ብዙ የሚያኮራ አይደለም። ፊልም ሊመዝን የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ያልሰማውን ማወቅ አለበት፣ እኔ ግን ያልሰማሁትን እንደሌለ ቆጥሬ ኖርኩ። ስንት ሌላ ፊልም ላይ እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። የድሮ ጽሑፎቼን የያዘው ካርቶን አልጋዬ ሥር አለ፤ ለመክፈት እፈራለሁ።

ድፍረቱ እንዳይከዳኝ፣ እሑድ ገና በጠዋቱ ለኡጁሉ ደወልኩ።

«ያ ባለ መነጽር ሰውዬ እኔ ነኝ» አልኩት። «ነበርኩ። ዋሽቼሃለሁ።»

አሪየት ከሩቅ ዶሮ ስታባርር ይሰማኛል።

«እኔን ካስወጣህ በኋላ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ቁጭ ብለህ ጨረስከው?»

«ትንሽ አየሁና ወጣሁ።»

«ባለታንኳው መጨረሻ ላይ ሲናገር አላየህም።»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምኑን ጻፍከው?»

በዚህ ሥራ ስኖር ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ምሽት አንድ ሰዓት ስላስጠበቁኝ፣ ራት ስላልበላሁ፣ የማላውቀው ሰው ፊቴ ቆሞ ስለተናገረ ተበሳጭቼ ነበር። ከዚያ በቀር ከአዳራሹ ይዤ የወጣሁት ነገር አልነበረም።

«ንዴቴን ነው የጻፍኩት» አልኩት።