ያላስቀመጥኳት ሽምብራ

የያዙኝ ከባቡር ጥገና ቤት፣ እጄ ግሪስ እንደነካ ነው። ያሰሩኝ አቃቂ፣ ሐዲዱ አጠገብ ያለ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፈረንሳይኛውንም ሒሳቡንም በራሴ ነው የተማርኩት። አጠገቤ የሚተኛው የፊዚክስ መምህር ስለ አቶም ሲያወራ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው። ይህን ማንም አይክደኝም።

የመምህሩ ሚስት በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። ከላከችው የሽምብራ ቆሎ ጥቂት ያስቀርና ሲሚንቶው ላይ ይደረድራል። እያንዳንዷ ሽምብራ አንድ የአቶም አስኳል ናት፤ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ዕድሜዋ ረጅም፣ ዝቅ ያለችው አጭር። መስመሩ ወደ ከባዶቹ ሲሄድ ያሽቆለቁላል።

«ጋሼ፣ ይቺ ገና በዓለም ላይ አልተሠራችም» አለኝ፣ አንዷን መዳፌ ላይ አስቀምጦ። «እንደሷ ያሉ ብዙ ቢሆኑ፣ ግማሾቹ እስኪፈርሱ ምን ያህል ይቆያሉ? ይገምቱና መስመሩ ላይ ያስቀምጧት።»

«ምኑ ይገመታል! ጎረቤቶቿ ወርደዋል፤ እሷም ትወርዳለች።»

«ጎረቤት ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ከእነዚህ ከባዶች ወዲያ ዕድሜ እንደገና ይረዝማል የሚሉ አሉ።»

«የሚሉ! ያየ አለ?»

«ማንም አላየም» ብሎ ሳቀ። «እልኸኛ ነዎት፣ ጋሼ።»

በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ስሙን ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለው። ከእሱ በፊት እንዲህ ተብለው ከወጡት የአንዳቸውም ወሬ አልተሰማም። መምህሩ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ሽምብራዋን እንዳይበሏት» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃው መጣ። ለሚስቱ የነገራት የለም። ባዶውን ብንመልስ በልቷል ማለት ነው፤ ሙሉውን ብንመልስ የለም ማለት ነው።

«በልተን እንመልስላት፤ ዛሬን እንኳ ትተኛ» አለ አንዱ።

«ሙሉው ይሂድ፤ ደጅ ለደጅ ከምትንከራተት እርሟን ታውጣ» አለ ሌላው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የክፍሉ አዋቂ እኔ ነበርኩ። እንጀራውን ከመሃል ከፈልኩት፤ ግማሹን ለሰዎቹ አደልኩ፣ ግማሹን በቦታው ተውኩት። የዕቃውን ጠርዝ በሸሚዜ ጠርጌ ከደንኩት። የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን አልላክንላትም።

ግማሹን ስታይ ምን እንዳለች አላውቅም። ምሳ ዕቃው ዳግመኛ አልመጣም።

እኔ ከተፈታሁ ዘመን አለፈ፤ ዛሬ ያ የድሮ ባቡርም ቀርቷል። በዚህ በምኖርበት በቃሊቲ ሰፈር ስለ አቶም ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ካለ ይምጣ። ስለ መምህሩ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ሽምብራዋ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ጎረቤቶቿ የት እንደምትወድቅ ይናገራሉ።

መስመሩ ላይ አላስቀምጣትም።